«ስንት ነበር የያዝኩት?» ከሴፕሲስ ስለሚተርፉ ሰዎች አንጎል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለሆስፒታል ኃላፊዎች፣ ለጽኑ ሕሙማን ክፍል ሐኪሞችና ነርሶች፣ የጤና መመሪያ ለምታወጡም ሁሉ፤

አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ታላቅ እህቴ ዛሬ በሕይወት ያለችው እንደ እናንተ ያሉ ሰዎች ሌሊቱን ቆመው ስላደሩላት ነው። ይህን አልረሳም። የምጽፍላችሁም አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። ቀላል መስሎን ነበር። በሁለተኛው ቀን ብርድ ብርድ አላት። ትንፋሿ ፈጠነ። የምትናገረው ተምታታባት። ሆስፒታል ስንደርስ የደም ግፊቷ ወርዶ ነበር። ሴፕሲስ ነው አሉን። 11 ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛች፤ 5ቱን ቀን የተነፈሰችው በመሣሪያ ነው። ስትወጣ አንድ ወረቀት ሰጡን። የመድኃኒቶቹ ስም፣ የሚወሰዱበት ሰዓት፣ የኩላሊት ምርመራ ቀጠሮ፣ ሁሉም በወጉ ተጽፏል። ስለ አንጎሏ ግን አንድም ቃል አልነበረበትም።

እህቴ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ቁጥር ስትደምር ካልኩሌተር አትነካም ነበር። ከሆስፒታል በወጣች በ3ኛው ወር፣ አንድ ማታ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ አገኘኋት። አንድ ዓምድ ቁጥር ነው፤ ከ10 መስመር አይበልጥም። ጣቷን ላይኛው ቁጥር ላይ ታደርግና ትወርዳለች። መሀል ላይ ትቆማለች። «ስንት ነበር የያዝኩት?» ትላለች ለራሷ። ከላይ ትጀምራለች። እዚያው ቦታ ላይ ደግማ ትቆማለች። በአራተኛው እርሳሱን አስቀመጠች፣ መብራቱን አጥፍታ ተኛች።

ዘመድ ሁሉ «ከሞት አፋፍ የተመለሰች ሰው ናት፣ ጊዜ ስጧት» አለን። እኔም ድካም ነው ብዬ ነበር። ቆይተን ሐኪም ዘንድ ተመለስን። ሲቲ ስካን ተነሣች። ንጹሕ ነው ተባለ። «ምንም የለም፣ ጭንቀት ይሆናል» አሉን። እህቴ ያን ቀን መንገዱን ሙሉ ዝም አለች። ምንም ከሌለ ጥፋቱ የራሴ ነው ብላ ወስዳዋለች። ሰነፍኩ፣ ፈዘዝኩ ብላ ራሷን ስትወቅስ ወራት አለፉ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ሐኪም አይደለሁም። ያገኘሁትን ግን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ የምታውቁትን ብደግምባችሁ ታገሡኝ፤ ደብዳቤው የሕመምተኛ ቤተሰብም ስለሚያነበው ነው። ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ብዙዎቻችን ሴፕሲስን «የደም መመረዝ» እንለዋለን። ስሙ ያሳስታል። በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ ትርጓሜ እንደሚለው፣ ሴፕሲስ ማለት ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ከቁጥጥር ወጥቶ የራሱን አካል ክፍሎች ሲጎዳ ነው። ባክቴሪያው ኩላሊት ወይም ሳንባ ውስጥ ሊሆን ይችላል። አንጎል ድረስ ላይደርስም ይችላል። አንጎል ግን ይጎዳል። ለእኔ ለመረዳት የከበደኝ ይህ ነበር። ጀርሙ ሳይደርስበት እንዴት ይጎዳል?

መልሱ የደም ስሮቹ ላይ ነው።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። ስንቅ የሚያስቀምጥበት ጓዳም የለውም። ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነው። ደም በየሰከንዱ ካልደረሰለት ይራባል። ስለዚህ በውስጡ የተዘረጉት ቀጫጭን የደም ስሮች ብዛት ያስደንቃል፤ ቢቀጣጠሉ 600 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል።

እነዚህ ስሮች ከሌላው አካል ስሮች ይለያሉ። ኤድዊን ጎልድማን የተባለ ሐኪም በ1913 ያሳተመው ሙከራ አለ። ሰማያዊ ቀለም በእንስሳ ደም ውስጥ ጨመረ። መላ አካላቱ ሰማያዊ ሆነ። አንጎሉና የአከርካሪ ገመዱ ግን ቀለሙን ሳይቀበሉ ቀሩ። ቀለሙን በአንጎል ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ሲጨምረው ደግሞ አንጎሉ ተነከረ፣ የቀረው አካል አልተነካም። በደምና በአንጎል መካከል አጥር አለ ማለት ነው። አጥሩ ያለው የደም ስሮቹ ገበር ላይ ነው። ገበር ያልኩት እንደ ኮት ገበር የስሩን ውስጥ የሚሸፍነውን ስስ የሴሎች ንጣፍ ነው። በአንጎል ውስጥ እነዚህ ሴሎች እርስ በርስ ጥብቅ ብለው የተሰፉ ናቸው። ከውጭ ፔሪሳይት የሚባሉ ሴሎች ያቅፏቸዋል። አስትሮሳይት የሚባሉት ደግሞ እግራቸውን ዘርግተው ይደግፏቸዋል። ስኳርና ኦክስጅን ያልፋል። ሌላው ብዙው ነገር ይመለሳል።

ሴፕሲስ ሲመጣ ያ ስፌት ይላላል። በሴፕሲስ በተያዙ የሙከራ እንስሳት ላይ ተመሳሳይ ቀለም ሲሰጥ ወደ አንጎል ሰርጎ ይታያል። አካሄዱ እንዲህ ነው። ሰውነት ኢንፌክሽኑን ለመዋጋት ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ኬሚካሎችን ያጥለቀልቃል። እነሱ በደም ተጉዘው ገበሩን ያስቆጡታል። ከገበሩ በላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን ይላጣል። የገበሩ ሴሎች ገጽ እንደ ሙጫ ያጣብቃል፤ ነጭ የደም ሴሎች ይለጠፉባቸዋል። ደም የሚያረጋው ሥርዓት ያለ ቦታው ይነሣል። በዓይን የማይታዩ የደም ጓሎች ቀጫጭኖቹን ስሮች ይዘጋሉ። በዚያው ሰዓት ትልልቆቹ ስሮች ይለጠጣሉ፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ጤነኛ አንጎል ግፊት ሲወርድ ስሮቹን እያሰፋ፣ ሲጨምር እያጠበበ የሚደርሰውን ደም ያመጣጥናል። በሴፕሲስ ጊዜ ይህ ማመጣጠን በብዙ ሕመምተኞች ላይ ይዛባል። በአንዱ ጥግ ደም ሲያልፍ በሌላው ይቆማል። ሞኒተሩ ላይ ያለው ቁጥር ጥሩ ሆኖ ሳለ በመንደር ደረጃ የተራበ የአንጎል ክፍል ሊኖር ይችላል።

በላላው ስፌት ደግሞ መግባት የሌለበት ፈሳሽና ፕሮቲን ይገባል። ይህ የአንጎልን የራሱን ዘቦች ያስነሣል። ማይክሮግሊያ ይባላሉ። በሰላም ጊዜ ሥራቸው ማጽዳትና መጠበቅ ነው። ሲቆጡ ግን የነርቭ ሴሎች የሚገናኙበትን ማያያዣ ጭምር እንደሚበሉ የእንስሳት ጥናቶች አሳይተዋል። ኢንፌክሽኑ ከጠፋ፣ ትኩሳቱም ከበረደ በኋላ እንኳ ለረጅም ጊዜ ተቆጥተው ሊቆዩ ይችላሉ። ሂፖካምፐስ የሚባለው አዲስ ነገር የምንይዝበት ክፍል በተለይ ለጉዳት የተጋለጠ ነው። በአንዳንድ ከሴፕሲስ የተረፉ ሰዎች ላይ በኤም.አር.አይ. ሲለካ ከጤነኞች አንሶ ተገኝቷል። ነጩ የአንጎል ክፍል፣ ማለትም ሽቦዎቹ የሚያልፉበት፣ ላይም ጉዳት የታየባቸው አሉ።

ይህን ሳነብ የእህቴን ሲቲ ስካን አስታወስኩ። ሲቲ ትልቅ ደም መፍሰስን፣ ትልቅ ስትሮክን ያያል። ከፀጉር የቀጠነ ስር መዘጋቱን አያይም። «ንጹሕ ነው» ማለት «ትልቅ ነገር አልታየም» ማለት ነው። «ምንም የለም» ማለት አይደለም። እባካችሁ ይህን ልዩነት ለሕመምተኛው ንገሩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሰው ራሱን ከመርገም ያድነዋል።

በቁጥር ስንመጣ ችግሩ የአንድ ቤት አይደለም። በ2020 በላንሴት መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በ2017 ብቻ በዓለም ላይ 48.9 ሚሊዮን ሰው ሴፕሲስ እንደያዘውና 11 ሚሊዮኑ እንደሞተ ገምቷል። ከሟቾቹ ሌላ ያለው ሕዝብ ወደ ቤቱ ተመልሷል። እንዴት ሆኖ ነው የተመለሰው?

በ2010 በአሜሪካ አረጋውያን ላይ የወጣ ጥናት አለ። ከከባድ ሴፕሲስ በፊት መካከለኛ ወይም ከባድ የማሰብ ችግር የነበረባቸው 6.1 በመቶ ነበሩ። ከተረፉ በኋላ 16.7 በመቶ ሆኑ። አማካይ ዕድሜያቸው 77 ገደማ ስለነበር «የእርጅና ነገር ነው» ሊባል ይችላል። በ2013 የወጣው ሌላ ጥናት ግን ይህን ምክንያት ያሳጣል። በመተንፈስ ችግር ወይም በሾክ፣ ማለትም የደም ዝውውር እጅግ ተዳክሞ ለአካል ክፍሎች የሚበቃ ደም ሳይደርስ ቀርቶ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ 821 ጎልማሶችን ተከታተለ። ሁሉም የሴፕሲስ ሕሙማን አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ግን ነበሩ። ከዓመት በኋላ 34 በመቶዎቹ ያገኙት ውጤት መካከለኛ የጭንቅላት አደጋ ከደረሰበት ሰው ጋር የሚቀራረብ ነበር። 24 በመቶዎቹ ደግሞ ወደ ቀላል አልዛይመር የቀረበ ውጤት ነበራቸው። ወጣትም ሽማግሌም አለበት። እህቴ 46 ዓመቷ ነው።

ከዚያው ጥናት አንድ ነገር ላይ ቆም ማለት ይገባል። ከሕመምተኞቹ 74 በመቶው ሆስፒታል ሳሉ ዴሊሪየም ይዟቸው ነበር። መቃዠት፣ ቀንና ሌሊት መምታታት፣ ሰው አለመለየት ማለት ነው። ዴሊሪየሙ በረዘመ ቁጥር ከዓመት በኋላ የነበረው ውጤት የባሰ ነበር።

እህቴ በ4ኛው ቀን ግድግዳው ላይ ውኃ ሲወርድ ታይ ነበር። በጣቷ ታሳየኛለች። ቱቦ ስላለባት መናገር አትችልም። በ6ኛው ቀን ደግሞ ጸጥ አለች። ዓይኗ ክፍት ነው፤ እኔን ግን አያየኝም። «ዛሬ ተረጋግታለች» አሉኝ፤ ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ያ ጸጥታ ራሱ ዴሊሪየም ነበር። የሚጮኸውንና ቱቦ የሚነቅለውን ሁሉም ያየዋል። ዝም ያለውን ግን ማንም አይመዘግበውም። ዝምተኛው ዴሊሪየም ከጯሂው ይበዛል፤ የሚያመልጠውም እሱ ነው። መለያ መንገድ አለው። ካም አይሲዩ የሚባለው መመዘኛ ለመናገር ለማይችል ሕመምተኛ እንኳ ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ፊደላት እየተጠሩ አንዱ የተመረጠ ፊደል ሲሰማ እጅ ማስጨበጥን የመሰለ ነው። የደም ግፊት በየሰዓቱ ይለካል። ይህም በየፈረቃው ይለካ። ልመናዬ አንዱ ይህ ነው።

ስለ ማስተኛ መድኃኒትም መናገር አለብኝ። ሕመምተኛው እንዳይሠቃይ ማስተኛት መልካም ነው። ግን በጥልቅና ለረጅም ጊዜ ማስተኛት፣ በተለይ እንደ ሚዳዞላም ባሉ ቤንዞዳያዜፒኖች፣ ከዴሊሪየም ጋር ይያያዛል። በ2018 ስለ ጽኑ ሕሙማን ማስተኛ የወጣው መመሪያም የሚሻሉ ሌሎች መድኃኒቶች እንዳሉ ያመለክታል። ምርጫው የእናንተ ነው፤ እኔ ቤተሰብ ነኝ። የምለምነው በየማለዳው «ዛሬስ ይህን ያህል መተኛት አለባት?» የሚል ሰው እንዲኖር ነው።

ማንቀሳቀስም አለ። በ2009 በታተመ ጥናት፣ መተንፈሻ መሣሪያ ላይ ሳሉ ገና ከመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅና እግራቸውን እንዲያንቀሳቅሱ፣ ቁጭ እንዲሉ የተረዱ ሕመምተኞች ዴሊሪየማቸው በ2 ቀን አካባቢ አበቃ። የሌሎቹ 4 ቀን ቆየ። በ2023 ደግሞ በ200 ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ የወጣው ውጤት ይበልጥ አስደነቀኝ። ቶሎ ከተንቀሳቀሱት መካከል ከዓመት በኋላ የማሰብ ችግር የታየባቸው 24 በመቶ ናቸው። በተለመደው መንገድ ከታከሙት መካከል 43 በመቶ። ሁሉም ጥናት በአንድ ድምፅ አይናገርም። በ2022 በ750 ሰዎች ላይ የተሠራው፣ ከተለመደው አልፎ አብዝቶ ማንቀሳቀስ ጥቅም እንዳላሳየ፣ ጉዳትም እንደጨመረ ዘግቧል። ስለዚህ በልክ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ። ግን አልጋ ላይ እንደ ዕቃ ሳይነካ የሚከርም ሰው ሊኖር አይገባም።

ሌላው ወጪ የሌለው ነገር ነው። መነጽሯ በመሳቢያ ውስጥ 8 ቀን ተቀመጠ። ያለ መነጽር ሁለት ክንድ አታይም። ግድግዳው ላይ ውኃ ብታይ ይገርማል? መነጽር ያለው መነጽሩን፣ የመስሚያ መሣሪያ ያለው መሣሪያውን አድርጉለት። ሌሊት መብራቱን ቀንሱለት። ቀኑንና ቦታውን ንገሩት። ቤተሰብ ገብቶ እጁን ይያዝ። የምታውቀው ድምፅ ስትሰማ የእህቴ የልብ ምት ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ።

አንጎልን የሚጠብቀው የመጀመሪያው ነገር ፍጥነት መሆኑን እናንተው ታውቁታላችሁ። በሾክ ላይ ላለ ሰው አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት ውስጥ ይሰጥ ይላል የሴፕሲስ ሕክምና መመሪያው። ለቤተሰብ ግን የምጨምረው አለ። ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ድንገት ንግግሩ ከተምታታ፣ ከፈዘዘ፣ ሰው መለየት ካቃተው፣ ያ ራሱ የአደጋ ምልክት ነው። በአረጋውያን ላይ ትኩሳት ሳይኖር እንኳ የመጀመሪያው ምልክት እሱ ሊሆን ይችላል። እኛ «ትኩሳቱ ነው የሚያስቀባጥራት» ብለን ግማሽ ቀን አሳለፍን። ግማሽ ቀን።

በ2012 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ኳስ ሲጫወት ክንዱ ተጫረ። በቀናት ውስጥ በሴፕሲስ ሞተ። ወላጆቹ ዝም አላሉም። በ2013 ግዛቱ፣ ሆስፒታሎቹ ሁሉ ሴፕሲስን ቶሎ የሚለዩበትና የሚያክሙበት የተጻፈ ሥርዓት እንዲኖራቸው ደነገገ። የዓለም ጤና ጉባኤም በ2017 አገሮች ለሴፕሲስ ትኩረት እንዲሰጡ ወሰነ። ሥርዓት ሲጻፍ ነገር ይለወጣል። የሚጎድለው ሕመምተኛው በሩን ከወጣ በኋላ ያለው ነው።

ይህም ቢሆን አዲስ ፈጠራ አይደለም። በ2021 የወጣው ዓለም አቀፉ የሴፕሲስ ሕክምና መመሪያ፣ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ የአካል፣ የማሰብና የስሜት ችግር ይታይ ይላል። ከመውጣታቸው በፊት ለሕመምተኛውና ለቤተሰቡ በጽሑፍም በቃልም ትምህርት ይሰጥ ብሎ ይመክራል። ተጽፏል። ወረቀታችን ላይ ግን አልደረሰም።

ቀጠሮ ስጡ። የኩላሊት ቀጠሮ እንደምትሰጡት። በ3 ወር አካባቢ አንድ ባለሙያ ሕመምተኛውን ይየው። ሞካ የሚባለው የ30 ነጥብ ፈተና 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሰዓት መሳል፣ ቃላት ይዞ ቆይቶ መመለስ፣ ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ መውረድ ነው። እህቴ ከ7 ወር በኋላ በሌላ ቦታ ተፈትናለች። ነጥቧ ዝቅ ያለ ነበር። ልታምኑኝ ትችላላችሁ፣ ውጤቱን ስትሰማ አለቀሰች፤ በእፎይታ ነው ያለቀሰችው። «ሰነፍኩ ማለት አይደለማ» አለች። ያ ቀን ከ4 ወር በፊት መምጣት ይችል ነበር።

ለአሠሪዋም ደብዳቤ ተጻፈላት። ግማሽ ቀን መሥራት ጀመረች። ሙሉ ለሙሉ እንደ ድሮዋ ትሆናለች ብሎ የነገረን የለም፤ የሚሻላቸው አሉ፣ እንደዚያው የሚቆዩም አሉ። አሁን ስትደምር የያዘችውን ቁጥር በዓምዱ ጎን በትንሹ ትጽፈዋለች። ትምህርት ቤት ሳለን እንደምናደርገው። ይሠራላታል።

መውጫ ወረቀት የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ከመድኃኒቱ ዝርዝር በታች ቦታ አለ። የምትጽፉት ካጣችሁ ይህን ውሰዱት፤ የኔ ነው ብዬ አልከራከራችሁም፦

«ያመመዎት ሴፕሲስ ነው። ሴፕሲስ የአንጎልን ቀጫጭን የደም ስሮች ሊጎዳ ይችላል። በሚቀጥሉት ወራት መርሳት፣ ቃል መጥፋት፣ ሐሳብ መሰብሰብ መቸገር፣ ቅዠት ወይም ድብርት ቢያጋጥምዎ ከሕመሙ የመጣ ሊሆን ይችላል እንጂ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። በ3ኛው ወር ለማስታወስና ለማሰብ ምርመራ ይምጡ። ቀን፦ ________ ። ከዚያ በፊት እንደገና ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የትንፋሽ መፍጠን ወይም የንግግር መምታታት ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።»

ከአክብሮት ጋር፣
ከሴፕሲስ የተረፈች ሴት ወንድም